የጓደኛ ጉልበት ስንት ያወጣል? የተሰበረ ጆተኒ ገበያ በደባርቅና በዳባት

ዘንጉ የተጣመመ፣ እግሩ የበሰበሰ ጆተኒ በየከተማው ጓሮ ተጥሎ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ባለቤቱ እንደ ማገዶ ይቆጥረዋል። ነጋዴ ግን እንደ ተኛ ካፒታል ሊቆጥረው ይገባል። ማገዶውን ወደ ካፒታል የሚለውጠው ብዙውን ጊዜ የባንክ ብድር አይደለም። ብየዳ የሚችል፣ እንጨት የሚያስተካክል፣ «ግድ የለም፣ እኔ እሠራልሃለሁ» የሚል አንድ ጓደኛ ነው።

ችግሩ የሚጀምረውም ከዚችው ቃል ነው። «እኔ እሠራልሃለሁ» የሚለው ጓደኛ ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ ቀኑ ስንት ብር እንደሚያወጣ፣ ጆተኒው ሥራ ከጀመረ በኋላ እንደገና ቢሰበር ማን እንደሚከፍል አይናገርም፤ ባለቤቱም አይጠይቅም። ዋጋ ያልወጣለት ጉልበት ግን ነጻ ጉልበት አይደለም። ጊዜው ያልተወሰነ ዕዳ ነው። ዕዳው ሳይታሰብ ሲከርም መጫወቻውም ወዳጅነቱም አብረው ይሰበራሉ።

ለመሆኑ ይህ የጥቃቅን ንግድ ጉዳይ የገበያ አንባቢን ለምን ይመለከታል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ሌላ ዋጋ ይዟል። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። በዚህ ሁኔታ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ዕቃ፣ የአገር ውስጥ እንጨትና የአገር ውስጥ ጉልበት ከቀድሞው የተሻለ ተፎካካሪ ሆነዋል። ጆተኒ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ከሳንቲም ሣጥን እስከ ጆተኒ

የጠረጴዛ እግር ኳስ በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ሳንቲም እየዋጡ የሚያጫውቱት የቪዲዮ ሣጥኖች የገነኑት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1978 «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን፣ በ1980 ደግሞ «ፓክማን»ን ለገበያ ካቀረቡ ወዲህ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን እነዚህን ሣጥኖች እያደሱ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ የሚያድሱት የልጅነት ትዝታን ለማስመለስ ነው፤ ለትዝታ ደግሞ ማንም የትርፍና ኪሳራ ሒሳብ አይሠራም።

በአገራችን የክልል ከተሞች የዚያን ሣጥን ቦታ የያዙት ጆተኒ፣ ፑልና ፕሌይስቴሽን ናቸው። እዚህ የሚታደሰው ለትዝታ ሳይሆን ለዕለት ገቢ ነው። በመሆኑም ሒሳቡ የግድ ይሠራል።

ከጎንደር በስተሰሜን በአምባ ጊዮርጊስ በኩል አድርጎ የሚወጣው መንገድ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዳባትን፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደባርቅን ያገኛል። ከዚያ ወዲያ ቁልቁል የሊማሊሞ ጥምዝምዝ ነው። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ስትሆን፣ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከተማዋ በአራተኛው ትውልድ ከተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱም አላት። ስለዚህ ለጆተኒ ደንበኛ የሚሆን ወጣት አይታጣም፤ ተማሪ አለ፣ ለገበያ የሚወጣ የገጠር ወጣት አለ፣ እንግዳ የሚጠብቅ በቅሎ ጫኝና አስጎብኚ አለ።

ይሁንና የአካባቢው ገቢ ባለፉት ዓመታት ተደጋግሞ ተመትቷል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ጎብኝውን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ፣ እስከ ጭና ድረስ ዘልቆ የሰላማዊ ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። እንዲህ ባለ አካባቢ ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት አተርፋለሁ?» ሳይሆን «ገበያ ሲቆም ስንት ወር እቆያለሁ?» መሆን አለበት።

ጆተኒ እዚህ ላይ ብልጫ አለው። መብራት ቢጠፋ አይቆምም፣ ኢንተርኔት ቢዘጋ አይጨነቅም፣ ሁለት ሰው ካነሣው ከበረንዳ ወደ ቤት ይገባል።

ምን ይበላሻል? በምን ይተካል?

በተለመደው አሠራር አንድ ጆተኒ 8 ዘንጎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ወገን 4። በዘንጎቹ ላይ 11 ለ11 የሚጋጠሙ ተጫዋቾች ተሰክተዋል፤ በረኛው 1፣ ተከላካዮቹ 2፣ መሐሉ 5፣ አጥቂዎቹ 3። የሚበላሸውም በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ዘንጉ በጠረጴዛው ግድግዳ የሚያልፍበት ቡሽን ይሰፋል። ቡሽኑ ሲሰፋ ዘንጉ ይወላገዳል። ዘንጉ ሲወላገድ ተጫዋቹ ወለሉን ይመታና እግሩ ይሰበራል፣ ወለሉም ይላጣል። ከዚህ በኋላ ኳስ መሐል ላይ እየቆመ ደንበኛ ይሸሻል።

ስለዚህ ጥገናው ከሚታየው ሳይሆን ከመነሻው መጀመር አለበት። ቀለም ቀብቶ ቡሽኑን የተወ ሰው ገንዘቡን በሁለት ወር ውስጥ መልሶ ያፈሳል። ቡሽኑ በቶርኖ ቤት ይቀረጻል ወይም ልኩ በገባ የውሃ ቱቦ ቁራጭ ይተካል። ዘንጉ ይቃናል፤ ካልቃና ከብረታ ብረት ሱቅ በሚገዛ ቱቦ ይለወጣል። የተጫዋቾቹ ብሎንና ዳዶ በሙሉ በአንድ ልክ ቢሆኑ ለቀጣዩ ጥገና አንድ ቁልፍ ብቻ ይበቃል። ወለሉ በውሃ ልክ ተለክቶ ካልተስተካከለ ኳስ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎል ስለሚያጋድል ተጫዋቾች ቦታ በመምረጥ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ጭቅጭቁ የወሰደው ጊዜ ደግሞ አንድ ጨዋታ የሚያልቅበት ነው።

እንጨቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ብርዳማ ከተማ ናት፤ ክረምቷ ዝናብና ጉም ነው። ኮምፔንሳቶ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይላቀቃል። እርጥብ ባሕር ዛፍም ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለእግርና ለግድግዳ የሚሆነው ከርሞ የደረቀው ነው። የፓርኩን ጽድ መንካት ግን በሕግም በኅሊናም የሚያስጠይቅ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ከሚገኙ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ እንደ ነበረ፣ ከዚያም የወጣው በብዙ ድካም እንደ ሆነ መርሳት አይገባም።

ይህ የአየር ጠባይ ለሥራው ጊዜም ወቅት ያበጅለታል። በክረምት ውጭ የሚቆም ጆተኒ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ጎብኝም ስለማይመጣ የባለሙያ እጅ ይፈታል። በመሆኑም የብረቱ ሥራ፣ ማለትም ቡሽኑ፣ ዘንጉና ብየዳው፣ በክረምት ቢሠራ ለጓደኛውም የሚያስቀረው ሌላ ገቢ አይኖርም። ኮላ፣ ቫርኒሽና የወለል ሥራ ግን እስከ መስከረም ማብቂያ ቢቆይ ይሻላል። በእርጥብ አየር የተቀባ ቫርኒሽ በቶሎ አይደርቅም።

ደቦ ነው ወይስ ወንፈል?

የአካባቢው ገበሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ካገኘ ዘመናት ተቆጥረዋል። የጉልበት መረዳጃው ሁለት ዓይነት ነው። በደቦ ባለ ጉዳዩ ጎረቤት ይጠራል፣ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ሥራው በዚያው ቀን ያልቃል፣ ቀኑን ቆጥሮ የሚይዝ የለም። በወንፈል ግን የዛሬ ቀን በነገ ቀን ይመለሳል፤ አንድ ቀን ያረሰልህ ሰው አንድ ቀን አለው። ደቦ ለአጭርና ላንድ ጊዜ ሥራ ነው። ወንፈል ለሚደጋገም ሥራ ነው።

የጆተኒ ጥገና ሲጀመር ደቦ ይመስላል፤ ውስጡ ሲገባ ግን ወንፈል ነው። መጫወቻው አንድ ጊዜ ታድሶ የሚያበቃ አይደለም። በየወሩ አንድ ዘንግ ይጣመማል፣ አንድ ተጫዋች ይሰበራል፣ ባለቤቱም «ና እስቲ አንድ ጊዜ» ይላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በደስታ የሠራው ጓደኛ አምስተኛው ጥሪ ላይ መዘግየት ይጀምራል። ጆተኒው ቆሞ በዋለበት ቀን ሁሉ ገቢ ይቀራል። ባለቤቱ «ጓደኛዬ ናቀኝ» ይላል፣ ጓደኛውም «በእኔ ላብ ከበረ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሒሳብ ባለመኖሩ ማንም ማንንም ሊያስረዳ አይችልም።

ሒሳቡ ሲሠራ

ቀጥሎ ያሉት አኃዞች የስሌቱን መንገድ ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው እንጂ የደባርቅ ወይም የዳባት የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንባቢ በቦታው ያለውን ዋጋ እየተካ ሊያሰላበት ይችላል።

የተሰበረው ጆተኒ ባለበት ሁኔታ 5,000 ብር ያወጣል እንበል። የመለዋወጫ ወጪው 6,000 ብር ይሁን። ጓደኛው 12 ቀን ቢሠራና የቀን ሙያው 500 ብር ቢታሰብ ጉልበቱ 6,000 ብር ይሆናል። ጠቅላላ ካፒታሉ 17,000 ብር ነው። አዲስ ጆተኒ እስከ ቦታው ድረስ 40,000 ብር ይፈጅ እንበል።

አንድ ጨዋታ 10 ብር ሆኖ በቀን 30 ጨዋታ ቢገኝ፣ በወር 25 የሥራ ቀን ጠቅላላ ገቢው 7,500 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለአጫዋቹ ሲሶው፣ ማለትም 2,500 ብር፣ ለቦታ ኪራይ 1,250 ብር፣ ለጥገና መጠባበቂያ ከገቢው 10 በመቶ 750 ብር ይነሣል። የተጣራው 3,000 ብር ነው። አሮጌው ጆተኒ ከ6 ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ካፒታሉን ይመልሳል። አዲሱ ብዙ ስለማይሰበር የወር መጠባበቂያውን 250 ብር ብቻ ብናደርግለት የተጣራው 3,500 ብር ይሆናል፤ ካፒታሉን ለመመለስ ግን ከ11 ወር በላይ ይፈጅበታል።

አሁን የጓደኛውን ጉልበት ከስሌቱ እናውጣው። ካፒታሉ 11,000 ብር ብቻ ይመስልና አሮጌው ጆተኒ ከ4 ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚመለስ ድንቅ ንግድ ሆኖ ይታያል። ይህ የዓይን ማታለያ ነው። የቀረው 6,000 ብር አልጠፋም፤ የከፈለው ሰው ተለውጧል። 6,000 ብር ከ17,000 ብር ላይ 35 በመቶ ነው፤ በአገሩ ቋንቋ ከሲሶ በላይ ማለት ነው። ሳይታወቀው የንግዱን ሲሶ ያዋጣን ሰው «ረዳኝ» ብሎ በምሳ መሸኘት ፍርደ ገምድልነት ነው።

መፍትሔውም ከዚያው ከገበሬው ዘንድ ይገኛል። መሬትና ጉልበት ከተለያየ እጅ ሲመጡ ምርቱ እኩል ወይም ሲሶ ተብሎ ይካፈላል። ጓደኛውም ከተጣራው ላይ ሲሶ ቢያዝ በወር 1,000 ብር ያገኛል፤ 6,000 ብሩ በ6 ወር ተመልሶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። በሲሶው ከቀጠለ የወደፊቱን ጥገና ያለ ተጨማሪ ክፍያ የመሥራት ግዴታ ይኖርበታል። ከወጣ ግን እያንዳንዱ ጥሪ ከ750 ብሩ መጠባበቂያ ላይ በቀን ሒሳብ ይከፈለዋል።

ገበያ የቆመ ዕለት

የአካባቢው ዋነኛ አደጋ የዕቃው መሰበር ሳይሆን የገበያው መቆም ነው። የሥራ ቀኑ ከ25 ወደ 12 ወረደ እንበል። ገቢው 3,600 ብር ይሆናል። አጫዋቹ 1,200 ብር ይወስዳል፣ መጠባበቂያው 360 ብር ነው። የቦታው ኪራይ ግን ቀን አይቆጥርም፤ 1,250 ብሩ እንዳለ ነው። የተጣራው 790 ብር ብቻ ይቀራል። ሥራው በዚህ ሁኔታ ቢቀጥል አሮጌው ጆተኒ ካፒታሉን ለመመለስ 22 ወር ያህል፣ አዲሱ ደግሞ 39 ወር ያህል ይፈልጋል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይወሰዳል። አንደኛ፣ አስተማማኝ ሰላም በሌለበት ቦታ ትንሽ ካፒታል የጠየቀው ዕቃ ይመረጣል፤ የታደሰው ጆተኒ ዋና ጥቅሙ ትርፉ ሳይሆን የሚያጣው ማነሱ ነው። ሁለተኛ፣ ኪራይን በቁርጥ ከመክፈል ከገቢው ድርሻ መስጠት ይሻላል። የበረንዳው ባለቤት ገበያው ሲቆም አብሮ ከቆመ ንግዱ ይተርፋል።

ለጓደኛውም ምርጫው ይህንኑ ይከተላል። የቀን ሙያውን በቁርጥ የተቀበለ ሰው አደጋውን ለባለቤቱ ትቶ ወጥቷል። ሲሶ የመረጠ ግን መጥፎውን ወር አብሮ ይቀበላል፤ በ790 ብሩ ወር የሚደርሰው 263 ብር ገደማ ነው። አደጋ ለሚሸከም ሰው ከጉልበቱ ዋጋ በላይ የሚያገኝበት ተስፋ ሊኖረው ይገባል። 6 ወር ሲሞላ ድርሻው እንዲቋረጥ የሚያደርግ ስምምነት ይህን ተስፋ ይነሣዋል።

ሳንቲም፣ አጫዋችና ቀዳዳ ኪስ

ከውጭ የመጣ አሮጌ መጫወቻ የሳንቲም መዋጫ ካለው ማደሱ አይመከርም። የሳንቲም መዋጫ ዋጋን ቆልፎ ይይዛል፤ ኑሮ ሲወደድ ዋጋውን ለመጨመር ብረቱን መለወጥ ያስፈልጋል። በእጅ የሚቀበል አጫዋች ግን ዋጋውን ባንድ ቃል ይለውጣል። የዚህ ጉድለቱ ቁጥጥር ነው፤ 30 ጨዋታ ተጫውቶ 22 ብቻ የተነገረው ባለቤት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ለአጫዋቹ ከደመወዝ ይልቅ ድርሻ መስጠት፣ በየጨዋታው ምልክት የሚደረግበት ደብተር ማኖርና በገበያ ቀን በአካል መገኘት ቀዳዳውን ያጠባሉ እንጂ ጨርሰው አይደፍኑትም።

የማይታደሰው

አሮጌ ሁሉ አይታደስም። የፑል ጠረጴዛ ወለሉ ድንጋይ የሆነ እንደ ሆነ የድንጋዩ መሰንጠቅ ፍጻሜው ነው። ጨርቁም የውጭ ነው። ክብደቱ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ባለበት ያስቀረዋል። ፕሌይስቴሽንም ሌላ መልክ አለው። ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠውን ፕሌይስቴሽን 2 ሶኒ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ስለሆነ መለዋወጫው የሚገኘው ከሞተው ወንድሙ ነው። ካዊያ የያዘ ጥሩ ሠራተኛ አንዱን ከሦስት የተበላሹ ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን የሚበላሽ ዕቃ ከገበያ ሲያልቅ ሥራው አብሮ ያልቃል። ባሕር ዛፍና የውሃ ቱቦ ግን አያልቅም።

ሌላው የማይታደስ ነገር ስም ነው። ትምህርት ቤት አጠገብ የሚገኙ የፑልና የፕሌይስቴሽን ቤቶች ከጫትና ከሺሻ ቤቶች ጋር «አዋኪ» ተብለው በተለያዩ ከተሞች በተደጋጋሚ ታሽገዋል። ተማሪ ከክፍል እየቀረ የሚጫወትበት ጆተኒ የዛሬ ገቢው ደህና ቢሆንም የነገ ዕድሉ መታሸግ ነው። ከትምህርት ቤት በር መራቅና በትምህርት ሰዓት ሕፃናትን አለማጫወት የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የካፒታል ጥበቃም ነው።

አንድ ገጽ ወረቀት

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የእሽሙር ማኅበር የሚባል አደረጃጀት ይፈቅዳል። ይህ ማኅበር የሕግ ሰውነት የለውም፣ ለሦስተኛ ወገንም አይገለጽም፤ በአባላቱ መካከል ግን ውል ነው። በጆተኒ ለተገናኙ ሁለት ጓደኛሞች የሚስማማ ልብስ ይመስላል፤ ዝርዝሩን የሕግ ባለሙያ ቢያየው ይመረጣል።

ወረቀቱ ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም። የተሰበረው ዕቃ ሲጀመር የተገመተበት ዋጋ፣ ጓደኛው የሠራባቸው ቀናትና የቀኑ ሒሳብ፣ የመለዋወጫው ደረሰኝ፣ የድርሻው ልክና የሚጸናበት ጊዜ፣ እንደገና ሲሰበር በስንት ቀን ውስጥ እንደሚጠገን፣ አንዱ ልውጣ ሲል ዕቃው በማን ግምት እንደሚከፈል ይጻፍበታል። ሁለት ምስክር ይፈርምበታል።

«ከጓደኛዬ ጋር ወረቀት?» የሚል ይኖራል። ወንፈል የገባ ገበሬ የጎረቤቱን ቀን የሚቆጥረው ጎረቤቱን ስለሚጠላ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመትም አብረው ስለሚያርሱ ነው።